ዛፍ ላይ ለሚሠራ ሰው የትኛው ገመድ፣ የትኛው ቋጠሮ? ለወሎ ዛፎች የተዘጋጀ ንጽጽር

ክረምት ሊገባ ሲል ደሴም ኮምቦልቻም የዛፍ ሥራ ይበዛል። ቆርቆሮ ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ አለ። ሽቦ ሊነካ የደረሰ ግራቪሊያ አለ። ግቢውን ያጨለመ የፈረንጅ ጥድ አለ። ባለቤቶቹ ነፋሱና ዝናቡ ሳይመጣ ይከርከምልን ይላሉ። ሥራውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ገጀራውን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ በባዶ እግሩ የሚወጣ ልጅ ነው። ገመድ ከያዘም ከአህያ ጭነት የተፈታ መጫኛ ነው።

ይህ እንዲቀር ከልቤ እፈልጋለሁ። ደግሞም መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ሞልተዋል። ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ያያሉ፣ ከዚያ ግራ ይጋባሉ። አንዱ ፕሩሲክ ይላል፣ ሌላው ብሌክስ፣ ሌላው ቪቲ፤ ሁሉም የቋጠሮ ስሞች ናቸው። አንዱ ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ አጥፎ ይወጣል፣ ሌላው በነጠላ። የቱን ልያዝ?

እኔ ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ላይ እያላችሁ ብትጎዱ ወይም ራሳችሁን ብትስቱ፣ ታች ያለው ሰው በምን ያወርዳችኋል? ራሱን ስቶ በመታጠቂያ (ወጪው ወገቡና ጭኑ ላይ በሚታጠቀው) የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ መውረድ አለበት። ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፣ ወደ ልብና ወደ ጭንቅላት የሚመለሰው ያንሳል። ጎረቤት ተጠርቶ መሰላል እስኪፈለግ የሚጠብቅ ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወዳድረውን ሁሉ በዚህ ዓይን እዩት። ሌላው፣ የትኛውንም ቋጠሮ መጀመሪያ የምትሞክሩት እግራችሁ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ነው። ከፍ የምትሉት እጃችሁ ሳያስብ መሥራት ሲጀምር ብቻ ነው።

ከገመዱ እንጀምር

ቃጫና ጠፍርን ቶሎ ልለፋቸው። አያቶቻችን ብዙ ሠርተውባቸዋል፣ ቀፎም ሰቅለውባቸዋል። ግን ቃጫ ከረጠበ በኋላ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ጠፍር ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ሲረጥብ ይለሰልሳል። የሁለቱንም ጥንካሬ በቁጥር የሚነግራችሁ የለም። ለሰው ሕይወት አይሆኑም።

አደገኛው ግን እነሱ አይደሉም። አደገኛው በየሱቁ በሜትር የሚሸጠው ሰማያዊና አረንጓዴ የፕላስቲክ ገመድ ነው። አዲስ ይመስላል፣ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ይመስላል። አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤትሊን ነው። ፖሊፕሮፒሊን 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ፖሊኤትሊን ደግሞ 130 አካባቢ። ይህ ለምን ያሳስባል? ስትወርዱ ሰውነታችሁን የያዘው ቋጠሮ በገመዱ ላይ እየተፋተገ ይግላል። ፈጠን ብላችሁ ከወረዳችሁ ሙቀቱ እዚያ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። በዚያ ላይ ፕላስቲኩ ልሙጥ ነው፣ ቋጠሮ አይቆነጥጥለትም። ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ እየተሰባበረ ይረግፋል። ኮምቦልቻ ጣሪያ ላይ የከረመ የፕላስቲክ ገመድ በእጃችሁ ስታሹት ብናኙ መዳፋችሁ ላይ ይቀራል። ይህን ገመድ ቅርንጫፍ ለመጎተት ተጠቀሙበት። ሰው አይንጠልጠልበት።

ለመውጣት የሚሆነው ገመድ ሁለት ክፍል አለው። ውስጡ ጭነት የሚሸከም እምብርት፣ ውጪው እሱን የሚጠብቅ ልባስ። የሚሠራው ከናይለን፣ ከፖሊስተር ወይም ከሁለቱ ነው። ናይለን 220 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ፖሊስተር ወደ 255 አካባቢ ይቀልጣሉ። ናይለን ይለጠጣል፣ ሲረጥብም ከጥንካሬው ከመቶ አሥር ገደማ ያጣል። ፖሊስተር ብዙ አይለጠጥም፣ ውኃም አይጎዳውም። ለደሴ ጭጋግና ለሐምሌ ዝናብ ልባሱ ፖሊስተር የሆነውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። የተራራ ስፖርት ገመድ ሌላ ነው። እሱ የሚወድቅን ሰው በቀስታ ለማቆም ሆን ተብሎ እንዲለጠጥ የተሠራ ነው። ዛፍ ላይ ስትወጡበት እንደ ላስቲክ ወደ ታች ይመልሳችኋል፣ ጉልበታችሁን ይጨርሳል። እናንተ የምትፈልጉት የማይለጠጠውን ነው። በአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 1891 ዓይነት ኤ የሚል ጽሑፍ ያለበት ገመድ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል፤ ወደ 2,200 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን ለአዲስና ላልተቋጠረ ገመድ ነው። ቋጠሮ ብቻውን ከሩብ እስከ ሲሶ ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ነው ባለሙያዎች የአንድን ሰው ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሸከም ገመድ የሚፈልጉት።

ውፍረቱስ? ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ያለው ይመከራል። 11 ሚሊ ሜትሩ ቀላል ነው፣ መሸከሙ አይከብድም፣ ግን እጅ ላይ ቀጭን ነው። ጓንት ሳይኖር ለረጅም ሰዓት መጨበጥ ይከብዳል። 12.7 ወይም 13 ሚሊ ሜትሩ ከባድ ነው፣ ነገር ግን እጅ ይሞላል፣ ቋጠሮውም በደንብ ይይዘዋል። ለጀማሪ ወፍራሙን እመክራለሁ።

አጥፎ መውጣት ወይስ በነጠላ?

ትልቁ ምርጫ እዚህ ነው፤ ቋጠሮው ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

አጥፎ መውጣት ማለት ገመዱ ቅርንጫፍ ላይ ያልፋል፣ ሁለቱም ወገን ወደ እናንተ ይመጣል። አንዱ ጫፍ መታጠቂያችሁ ላይ ይታሰራል። በሌላው ወገን ላይ ነካሹ ቋጠሮ፣ ማለትም ሲጫን ገመዱን የሚይዘው ሲላላ የሚንሸራተተው፣ ይቀመጣል። ስትወጡ ገመዱ ቅርንጫፉ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። አንድ ሜትር ለመውጣት ሁለት ሜትር ገመድ ትስባላችሁ። አድካሚ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ጥቅሙ ደግሞ ክብደታችሁ ለሁለት መከፈሉ ነው። 80 ኪሎ ብትሆኑ ቋጠሮው የሚይዘው 40 ያህል ነው። ስለዚህ ቋጠሮው አይጨናነቅም፣ በአንድ እጅ ገፋ አድርጋችሁ ትወርዳላችሁ። ወደ ጎን ቅርንጫፍ ላይ ሄዳችሁ ስትመለሱም ገመዱን ሳብ ለቀቅ ማድረግ ቀላል ነው።

ጉዳቱ ልጣጩ ላይ ነው። ገመዱ እየተሳበ ቅርንጫፉን ይልጠዋል፣ ልጣጩም ገመዱን ይበላዋል። መፍትሔው ቅርንጫፉን የሚያቅፍ ሁለት ቀለበት ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው። ገመዱ በቀለበቶቹ ውስጥ ያልፋል፣ ልጣጭ አይነካም። ሙጫ የሚያወጡ ዛፎች ላይ ይህ ዕቃ ግዴታ ነው።

በነጠላ መውጣት ማለት ገመዱ የትም አይንቀሳቀስም። ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ እናንተ እንደ መሰላል ትወጡበታላችሁ። እግር ላይ የሚታሰር፣ ገመዱን የሚነክስ መቆንጠጫና ጉልበት ላይ የሚታሰር ሌላ መቆንጠጫ ካላችሁ ጉልበቱ የእግር ይሆናል እንጂ የክንድ አይሆንም። ለረጅም ዛፍ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ግን ክብደታችሁ በሙሉ አንድ ገመድ ላይ ነው። ነካሹ ቋጠሮ ብቻውን ሲሆን ሙሉ ክብደት ላይ ይጠብቃል፣ አይለቅም፣ ሲለቅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ስለዚህ በነጠላ ገመድ ለመውረድ ከቋጠሮው በላይ ጭነቱን የሚጋራ ዕቃ ያስፈልጋል። ሮፕ ሬንች የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው። እሱ ከሌለ ለመውረጃ ስምንት ቁጥር የሚመስለውን የብረት መውረጃ ከቋጠሮ ጋር ያጣምሩታል።

በነጠላ ሲሆን ገመዱ የሚታሰርበት ቦታም ሁለት ነው። ላይ ቅርንጫፉ ላይ ወይም ታች ግንዱ ላይ። ላይ ከታሰረ ቅርንጫፉ የሚሸከመው የእናንተን ክብደት ብቻ ነው። ታች ግንዱ ላይ ከታሰረ ግን ቅርንጫፉ እንደ ካሩኮላ ይሆናል። በአንድ ወገን እናንተ፣ በሌላው ወገን ግንዱ ይስባሉ። 80 ኪሎ ብትሆኑ ቅርንጫፉ ወደ 160 የሚጠጋ ጭነት ሊያይ ይችላል፣ ልጣጩ ላይ ያለው ፍትጊያ ትንሽ ይቀንስለታል። ብትዘሉ ወይም ብትወዛወዙ ከዚያ ይበልጣል። ቅርንጫፉን በዚህ ልክ ምረጡት።

ታዲያ ታች ማሰር ለምን ይመረጣል? ሰው ለማውረድ ስለሚያስችል ነው። ግንዱ ላይ በስምንት ቁጥሩ መውረጃ አስራችሁ ትርፍ ገመድ ከተዋችሁ፣ ታች ያለው ሰው ዛፍ ሳይወጣ ቀስ አድርጎ ያወርዳችኋል። አጥፎ በመውጣት ይህ የለም። እዚያ የተጎዳን ሰው ለማውረድ ሌላ ወጪ በሌላ ገመድ ወጥቶ ቋጠሮውን በእጁ መግፋት አለበት። በእኛ አገር አንድ ወጪና አንድ ገመድ ያዥ ሆኖ የሚሠራው ይበዛል። ገመድ ያዡ መውጣት የማይችል ከሆነ እኔ ያለማመንታት ታች የታሰረ ነጠላ ገመድ እላለሁ።

ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፣ ላይ ሆናችሁ በወገብ ገመድ (ከመታጠቂያው ተነስቶ ግንዱን በሚያቅፈው አጭር ገመድ) ግንዱ ላይ ከታሰራችሁ ታች ያለው ሰው ሊያወርዳችሁ አይችልም። የወገቡ ገመድ ይይዛችኋል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስለዚህ መውጣት የሚችል ሁለተኛ ሰው ማሠልጠን ሁሌም ይቀድማል። ሁለተኛ፣ ታች የታሰረው ገመድ የሕይወታችሁ ገመድ ነው፣ እሱም ሰው በሚያልፍበት ቦታ ነው ያለው። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሊወድቅበት ይችላል። ግቢ ውስጥ ሕፃናት አሉ፣ ፍየል አለ፣ አህያ አለ። የሚፈታው እንዳይኖር ቦታውን ከልሉ፣ ቋሚ ጠባቂ ይኑር።

የገመድ ርዝመትም ምርጫውን ይወስናል። 20 ሜትር ላይ ለመታሰር አጥፋችሁ ከወጣችሁ 40 ሜትርና ለቋጠሮ የሚሆን ትርፍ ይበቃል፣ 45 ሜትር ገመድ ማለት ነው። ታች ታስሮ ሰው ማውረድ የሚያስችል ከሆነ ግን ከፍታው ሦስት ጊዜ ያስፈልጋል። 60 ሜትር። ዋጋውም ክብደቱም በዚያው ልክ ነው።

ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ

ነካሽ ቋጠሮ ስል ሲጫን ገመዱን የሚነክስ፣ ሲላላ የሚንሸራተት ማለቴ ነው። ብዙ ዓይነት አለ፣ እኔ ግን ለእኛ የሚሆኑትን አራት ብቻ አነሳለሁ።

*ፕሩሲክ።* ካርል ፕሩሲክ የተባለ ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ በ1931 (በፈረንጆች) ያስተዋወቀው ነው። ከዋናው ገመድ ቀጠን ያለ የተዘጋ ክብ ገመድ ሦስት ጊዜ ትጠመጥማላችሁ፣ በቃ። ለመማር ደቂቃዎች ይበቁታል። ወደ ላይም ወደ ታችም ይነክሳል። ችግሩ መልቀቁ ላይ ነው። ከተጫነ በኋላ ይጠብቃል፣ ጭነት እያለበት በእጅ አይፈታም። ዛፍ ላይ ቀፎ ወይም የዱር ንብ ያለበትን ጉድጓድ ሳታዩ ብትደርሱ ምን ይሆናል? በወሎ ቦረናና በአምባሰል በኩል ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ብርቅ አይደለም። ቶሎ መውረድ ስትፈልጉ ፕሩሲክ ያቆያችኋል። ለመጠባበቂያ እና ለነፍስ አድን ይሁን። ለቀን ሥራ አይመረጥም።

*ብሌክስ።* ይሄን ነው ለጀማሪ የምሰጠው። ጄሰን ብሌክ በ1994 (በፈረንጆች) ለአሜሪካ ዛፍ ሠራተኞች ያስተዋወቀው ነው፤ ከእሱ በፊት ኦስትሪያዊው ሃይንዝ ፕሮሃስካ ጽፎበታል። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ዕቃ አለመፈለጉ ነው። የራሱ የመውጫ ገመድ ትርፍ ጫፍ ይበቃዋል። ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) እንኳ ባይኖራችሁ ገመድና መታጠቂያ ብቻ ይዛችሁ አጥፋችሁ ትወጣላችሁ።

አሠራሩን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ገመዱን መታጠቂያው ላይ ስታስሩ ከአንድ ሜትር በላይ ጫፍ ይትረፋችሁ። በዚያ ጫፍ ዋናውን ገመድ ከታች ወደ ላይ ጠምጥሙት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥምጥሞች ስትሠሩ አውራ ጣታችሁን ከሥራቸው አኑሩ፣ ቦታ ይያዝላችሁ። ከዚያ ከላያቸው ሁለት ጥምጥም ጨምሩ። አራት ሆኑ። አሁን ጫፉን ወደ ታች አምጡት። ከመታጠቂያው በሚመጣው ገመድ ፊት አሳልፉት፣ ከዋናው ገመድ ጀርባ አዙሩት። አውራ ጣታችሁን አውጡና በእሱ ቦታ ጫፉን ከታች ወደ ላይ በሁለቱ የታችኛ ጥምጥሞች ውስጥ አስወጡት። ጥምጥሞቹን በእጃችሁ ደርድራችሁ አጥብቁ። መጨረሻ ላይ ጫፉን በስምንት ቁጥር ቋጠሮ እሰሩት። ይህ ማገጃ ነው፣ ጫፉ ተስቦ እንዳይወጣ። ማገጃ የሌለው ብሌክስ ላይ አትቀመጡ።

በትክክል የታሰረ ብሌክስ ሁለት ጥምጥም ከላይ፣ ሁለት ከታች ያሳያል፣ ጫፉ መሃል ገብቶ ይወጣል። ደካማ ጎኑ ሙቀት ነው። ረጅም ስትወርዱ ቋጠሮውን የሠራችሁበት የገመድ ጫፍ ይቃጠላል። በጣታችሁ ስትዳስሱት ልሙጥና ደረቅ፣ የሚያብለጨልጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንደዚያ ሲሆን ያንን ጫፍ ቆርጣችሁ ጥላችሁ አዲስ ክፍል ትጠቀማላችሁ። ገመዱ በዚህ መንገድ እያጠረ ይሄዳል። ለዚህ መላው ጫፉን ከገመዱ ለይቶ ሌላ አጭር ገመድ መጠቀም ነው፣ ያረጀውን አጭር ብቻ ትቀይራላችሁ።

*ዲስተል።* ሁለት ጫፉ ላይ ዓይን ያለው አጭር ማሰሪያ ይፈልጋል። ከ70 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ከላይ አራት ወይም አምስት ጥምጥም፣ ከታች አንድ። ከብሌክስ ይልቅ ቶሎ ይነክሳል፣ ቶሎ ይለቃል። ሥሩ ትንሽ ካሩኮላ ካደረጋችሁ ገመዱን ስትስቡ ራሱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ በአንድ እጅ ትሠራላችሁ። ብሌክስን የለመደ ሰው ሁለተኛ የሚማረው ይሄን ቢሆን ደስ ይለኛል። ባሕርዩ አይለዋወጥም፣ ዛሬ የያዘ ነገም ይይዛል።

*ቪቲ።* ሙሉ ስሙ ቫልዶታን ትረስ ነው። ከላይ ጥቂት ጥምጥም፣ ከታች እንደ ሹሩባ የሚጎነጎን። የለመደው ሰው ሲጠቀምበት ያስቀናል፣ ልስላሴው ሌላ ነው። ነገር ግን እንደ ክብደታችሁ፣ እንደ ገመዱ ውፍረት፣ እንደ ማሰሪያው ርዝመት መስተካከል አለበት። ጥምጥሙ ካነሰ ወይም ማሰሪያው ከረዘመ ሳይነክስ ሊንሸራተት ይችላል። የሚያስተካክልላችሁ ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ለጊዜው ይቆይ።

ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ የማሰሪያው ጨርቅ ወሳኝ ነው። አራሚድ የሚባለው ክር አይቀልጥም፣ ስለዚህ ልባሱ አራሚድ የሆነ ማሰሪያ ለነካሽ ቋጠሮ ምርጥ ነው። ዳይኒማ የሚባለው ክር ደግሞ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ልሙጥ ነው፣ በዝቅተኛ ሙቀትም ይቀልጣል፤ በጥንካሬው ተታላችሁ አትግዙት። 8 ሚሊ ሜትር ማሰሪያ ከ11 ገመድ ጋር፣ 10 ሚሊ ሜትር ከ13 ጋር ይሄዳል።

ብረት መሣሪያስ? ዚግዛግ የሚባለው የፔትዝል ኩባንያ ሥራ የቋጠሮን ሥራ በብረት ይሠራል። ምቹ ነው፣ አይቃጠልም፣ ውድ ነው። የሚቀበለው ከ11.5 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ገመድ ብቻ ነው። ቢሰበር የሚጠግን ማግኘት ይከብዳል፣ ቋጠሮ ግን ገመድ እስካለ ድረስ አለ። ቋጠሮ ሳይችል ብረት የገዛ ሰው ብረቱ ሲወድቅበት ዛፍ ላይ ይቀራል።

ስለ ጫፍ ቋጠሮ ባጭሩ። ገመዱን መታጠቂያ ላይ ስታስሩ ስምንት ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ የሚመለሰው ይሻላል። ጓደኛችሁ ከታች አይቶ ትክክል ይሁን አይሁን ሊነግራችሁ ይችላል። ቦውላይን የሚባለው ቋጠሮ ከሥራ በኋላ በቀላሉ ይፈታል፣ ግን ሳይጫን ሲወዛወዝ ይላላል፣ ስለዚህ ተጨማሪ ማገጃ ይፈልጋል። ካራቢነር ላይ ከሆነ ራሱን የሚያጠብቅ ሸምቀቆ፣ ሁለት ጊዜ የተጠመጠመው የዓሣ አጥማጅ ቋጠሮ ጥሩ ነው። ካራቢነሩ ደግሞ ቁልፍ የሚያንጠለጥሉበት ዓይነት አይሁን። ሦስት እንቅስቃሴ ካልተደረገለት የማይከፈተውን ፈልጉ።

ዛፉን አይቶ መምረጥ

ሾላና ዋርካ ሰፊ ናቸው። ቅርንጫፋቸው ወደ ጎን ሩቅ ይሄዳል። ሥራውም ወደ ጎን መሄድና መመለስ ነው። እዚህ ገመድ አጥፎ በብሌክስ ወይም በዲስተል መሥራት ይበልጣል። ወተታቸው ግን ገመድ ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ገመዱን ያጠነክረዋል። ቀለበት ያለውን ማሰሪያ አትርሱ። ዋርካው የአድባር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሰፈሩን ሽማግሌ አስፈቅዱ። የቤተ ክርስቲያን ከሆነ መምሬን፣ የመስጊድ ከሆነ ሼሁን። በምንም ዓይነት የብረት ሾህ ጫማ አትውጡበት። ሾህ ግንዱን ይወጋዋል፣ በሽታ ያስገባል። ሾህ ለሚቆረጥ ዛፍ ብቻ ነው።

ባሕር ዛፍ ሌላ ነው። ረጅም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ግንዱ ልሙጥ ነው፣ እስከ ላይ ድረስ ቅርንጫፍ ላይኖረው ይችላል። ከመሬት በሲባጎ ጫፍ ላይ ትንሽ ከረጢት አስራችሁ ትወረውራላችሁ። ከ200 እስከ 400 ግራም የሚመዝን ይበቃል። ሲባጎው ቅርንጫፉን ካለፈ በኋላ ዋናውን ገመድ በእሱ ትስባላችሁ። 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በነጠላ ገመድ መውጣት ክንዳችሁን ያድናል። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ሳይታሰብ ቅርንጫፍ የሚጥል ዛፍ ነው፣ ደረቅ ቅርንጫፉም ከሥር አይለይም። ገመዱ ያለፈበት ቅርንጫፍ ሕያው ይሁን፣ ግንዱ አጠገብ ውፍረቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር አያንስ። ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ሰው ሆናችሁ ገመዱ ላይ ተንጠልጠሉ። ቅርንጫፉ ቢጮህ ሌላ ፈልጉ። ታች ልታስሩ ከሆነ ጭነቱ እጥፍ መሆኑን እዚህ አስታውሱ። ጥርጣሬ ካላችሁ በዚያ ቅርንጫፍ አትውጡ።

የሐበሻ ጥድና ዝግባ ለዘር ለቀማ የሚወጡበት ሰው አለ፤ በየጎፍ ደን አካባቢና በየገዳማቱ ያሉ አሮጌ ጥዶች ለችግኝ ጣቢያ ትልቅ ሀብት ናቸው። እዚህ ውርወራው አይሠራም። ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከረጢቱ ተጠላልፎ ይቀራል። የተሻለው ሁለት የወገብ ገመድ እያፈራረቁ መውጣት ነው። አንዱን ከቅርንጫፉ በላይ ታስራላችሁ፣ ከዚያ የታችኛውን ትፈታላችሁ። አንዱ ሁሌም ታስሯል። ላይ ስትደርሱ ረጅሙን ገመድ ግንዱ ላይ አጥፋችሁ በብሌክስ ትወርዳላችሁ። ስትወርዱም ዘር እየለቀማችሁ መሄድ ይቻላል። የፈረንጅ ጥድም እንደዚሁ ነው፣ ሙጫው ብቻ ይበዛል።

ሽቦ አጠገብ ስላለ ዛፍ ንጽጽር የለም። የመካከለኛ ኃይል መስመር ከሆነ ከሦስት ሜትር አትቅረቡ፣ ገመዳችሁም ቅርንጫፉም ጭምር። እርጥብ ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መብራት ኃይል መጥቶ ካላቋረጠ የትኛውም ቋጠሮ አያድናችሁም።

ብሩ ውስን ከሆነ

ብዙዎቻችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትገዙም። ዕቃው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል ስለሚገኝ ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል። መጀመሪያ ገመዱ፣ 45 ሜትር፣ ወፍራሙ። ቀጥሎ መታጠቂያው። የግንባታ ሠራተኛ መታጠቂያ በርካሽ ይገኛል፣ ግን ቀለበቱ ጀርባ ላይ ብቻ ያለው ዓይነት አይሆንም። ከኋላ የተንጠለጠለ ሰው መሥራትም መውረድም አይችልም። ወገብ ግራና ቀኝ እንዲሁም ፊት ለፊት ቀለበት ያለውን ፈልጉ። ሦስተኛ ሄልሜትና የወገብ ገመድ። መጋዝ ይዛችሁ ስትቆርጡ ሁሌም በሁለት ነገር መታሰር አለባችሁ፣ የሞተር መጋዝ ከሆነ የወገቡ ገመድ ውስጡ ሽቦ ያለው ይሁን።

በዚህ ዕቃ ገመድ አጥፋችሁ በብሌክስ መሥራት ትጀምራላችሁ። አራተኛ የምትገዙት ሁለተኛ ገመድና ሁለተኛ መታጠቂያ ነው፣ ለታች ሰው። ከሮፕ ሬንችና ከእግር መቆንጠጫ በፊት። የታች ሰው ወጥቶ ሊያወርዳችሁ ሲችል ብቻ ነው አጥፎ መውጣት የሚሟላው። እስከዚያ ድረስ መሰላል በሚደርስበት ከፍታ ላይ ሥሩ። ባሕር ዛፉ ላይ መውጣት የምትጀምሩት 60 ሜትር ገመድና የነጠላው ዕቃ ሲሟላ ነው።

ገመዱን ከሥራ በፊት በእጃችሁ መዳፍ ውስጥ እያሳለፋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሹት። እጥፍ ስታደርጉት እንደ ክብ የሚታጠፍ ከሆነ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ስብር ብሎ ከታጠፈ እምብርቱ ተጎድቷል። ልባሱ ተከፍቶ ውስጡ ከታየም እንዲሁ። ጭቃ ካለው በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ ጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አይሁን። የመኪና ባትሪ አሲድ ወይም ቤንዚን ከተቀመጠበት ቦታ አርቁት። ከሥራ የወጣውን ገመድ ደግሞ ለጎረቤት አትስጡ። ሌላ ሰው ደህና መስሎት እንዳይወጣበት አጭር አጭር አድርጋችሁ ቆራርጡት።